ሲጠወልግ ውሃ የጨመርኩለት ኦርኪድ፦ የአንድ ተክል የ16 ወር ታሪክ

ኦርኪዱ የመጣው በስጦታ ነው። ሁለት የአበባ ዘንግ፣ ስድስት ወፍራም ቅጠል፣ እስከ ጫፍ የፈካ ነጭ አበባ። ከጎኑ ትንሽ ካርድ ተሰክታበታለች። «በሳምንት አንዴ ውሃ» ትላለች። እንደ ሐኪም ትእዛዝ ቆጠርኳት። በአምስተኛው ወር ከ17 ሥሮቹ 14ቱን በመቀስ ቆርጬ ጣልኩ።

የመጀመሪያዎቹን ወራት የማስታውሰው በስልኬ ካነሳኋቸው ፎቶዎች ነው። ማስታወሻ መያዝ የጀመርኩት ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው፤ ደህና ሳለ ማን ይጽፋል?

ዓይነቱ ፋላኖፕሲስ ይባላል። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «የእሳት እራት የሚመስል» ማለት ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1825 ያወጣለት ካርል ሉድቪግ ብሉም የተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። አበባውን ትንሽ ራቅ ብሎ ላየው ክንፏን ዘርግታ ያረፈች የእሳት እራት ይመስላል፤ ስሙ አልተሳሳተም። በየቤቱ መስኮት ላይ የምናየው ኦርኪድ በአብዛኛው እሱ ወይም የእሱ ዲቃላ ነው። የትውልድ ቦታው ከሞቃታማው እስያ እስከ ሰሜን አውስትራሊያ ይደርሳል። እዚያ በአብዛኛው አፈር ውስጥ አይበቅልም። የዛፍ ግንድና ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቆ ነው የሚኖረው፤ ሥሩ አየር ላይ። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ የምጽፈው ነገር አይኖረኝም ነበር።

ደህና የመሰለበት ጊዜ

አበቦቹ ሦስት ወር ገደማ ቆዩ። ይህ የእኔ ጉብዝና አልነበረም። ፋላኖፕሲስ አበባው ሁለት ሦስት ወር መቆየቱ ያለ ነው፤ አብቃዩ ያጠራቀመለትን ስንቅ እየበላ ነበር።

ተክሉን ያስቀመጥኩት ከመስኮቱ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ያለ መደርደሪያ ላይ ነው። ለእኔ ክፍሉ ብሩህ ነው። የሰው ዓይን ግን በዚህ ነገር አይታመንም፤ ከመስኮቱ ትንሽ ሲርቁ ብርሃኑ ምን ያህል እንደሚያሽቆለቁል አያስተውልም። ብርሃን ያነሰው ተክል ደግሞ ውሃ የሚጠጣው ቀስ ብሎ ነው።

የአበባው ዕቃ ድርብ ነበር። ተክሉ ያለበት ግልጽ ፕላስቲክ ነው፤ ከታች ቀዳዳ አለው። እሱ ደግሞ የሚያምር ነጭ የሴራሚክ ማሰሮ ውስጥ ተቀምጧል። ማሰሮው ቀዳዳ የለውም። በየእሁዱ ጠዋት ግማሽ ብርጭቆ ውሃ አፈስ ነበር። የተረፈው ውሃ የት ይሄዳል ብዬ ጠይቄ አላውቅም። የትም አይሄድም ነበር።

በአራተኛው ወር መጀመሪያ ቅጠሎቹ ዛሉ። መጀመሪያ የታችኛው፣ ከዚያ ከሱ በላይ ያለው። ስነካው እንደ ድሮው አይቆምም፤ እንደ ቆዳ ይተጣጠፋል። ላዩ ላይ በቁመቱ ቀጫጭን መጨማደድ ወጥቶበታል። ጠማው አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? በሳምንት አንዴ የነበረውን ሁለት ጊዜ አደረግኩት። በሳምንቱ ባሰበት። በየቀኑ ጠዋት ቅጠሉ ላይ ውሃ መርጨት ጨመርኩ። አንዱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ወደቀ። ሁለተኛው ተከተለ። ስድስቱ አራት ሆኑ።

በዚያ ላይ መርጨቱ ሌላ አደጋ ነበረው። ፋላኖፕሲስ የሚያድገው ከአንድ እምብርት ብቻ ነው፤ አዲስ ቅጠል ሁሉ የሚወጣው ከመካከሉ ነው። እምብርቱ ላይ ውሃ ተኝቶ ቢያድርና ቢበሰብስ፣ ከጎን አዲስ ቡቃያ ካላወጣ በቀር ተክሉ ወደ ላይ ማደጉ ያበቃል። ከዚህ የተረፍኩት በዕድል ነው።

«ሥሩንስ አየኸው?»

ኦርኪድ የሚያሳድጉ አንዲት ጎረቤት አሉኝ። በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ፤ እማማ ነው የምላቸው። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ነገርኳቸው።

«እማማ፣ ኦርኪዴ ጠወለገብኝ። ውሃ እየጨመርኩለት ይብስበታል።»

«ሥሩንስ አየኸው?»

«ሥሩ ውስጥ ነው እንጂ፣ እንዴት አየዋለሁ?»

ሳቁ። «ዕቃው ለምን ግልጽ የሆነ ይመስልሃል ልጄ? በል ሂድና ከማሰሮው አውጥተህ እየው። ከዚያ ና።»

ማሰሮውን ስመለከት ከታች ሁለት ጣት የሚሆን ውሃ አለ። ሽታው የረጋ ኩሬ ሽታ ነው። በግልጹ ፕላስቲክ ውስጥ የሚታየው ሥር አረንጓዴም ብርማም አይደለም፤ ቡናማ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ጥቁር።

በጋዜጣ ላይ ገለበጥኩት። የላዩ የዛፍ ቅርፊት ደረቅ ነበር፤ እንዲያውም ጣቴን አስገብቼ «ደርቋል» እያልኩ ስወስን የነበረው በዚህ ነው። ከቅርፊቱ ሥር፣ ልክ በተክሉ መካከል፣ የቡና ሲኒ የሚያክል የሞስ (እርጥብ ቦታ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚበቅል ትንሽ ተክል) ድቡልቡል ተገኘ። ስፋግነም የሚባለው ውሃ ወዳድ ሞስ ነው። ጨመቅኩት። በእጄ መካከል ውሃው ተንጠባጠበ፤ ውሃ ካጠጣሁት አራት ቀን አልፎት ነበር። ሥሮቹ የሚነሡት ከዚህ ድቡልቡል ውስጥ ነው፤ ማለትም ላዩ እየደረቀ መሀሉ ለወራት ረግረግ ነበር።

ድቡልቡሉን ያስገባው ሰው ሞኝ አይደለም። ችግኙ ከላቦራቶሪ ብልቃጥ ሲወጣ በሞስ ተጠቅልሎ ነው የሚተከለው፤ ለጋ ሥሩ እርጥበት ይፈልጋል። ግሪንሃውስ ውስጥ ሙቀቱ፣ ብርሃኑና የሚነፍሰው አየር ሞሱን ቶሎ ያደርቁታል። ያው ሞስ ብርሃን ያነሰበት ሳሎን ሲገባ አይደርቅም። ለአንዱ ቤት የሚበጀው ለሌላው መርዝ ሆነ።

ሥሮቹን አንድ በአንድ በጣቴ ጫን ጫን አደረግኩ። ደህናው ሥር ጠንካራ ነው፤ አይጎድጎድም። የበሰበሰው ሲነኩት ይፈርጣል። አንዱን በቀስታ ስስበው የላዩ ልባስ እንደ እርጥብ ካልሲ ሾልኮ ወጣ፤ መሀሉ ላይ ክር የመሰለ ቀጭን ገመድ ብቻ ቀረ። ከዚያ በኋላ አላመነታሁም። የመቀሱን ስለት በእሳት ለበለብኩት፤ ኦርኪድ ቫይረስ ይይዘዋል፣ ከተክል ወደ ተክል የሚያሻግረውም አብዛኛውን ጊዜ መቁረጫ ነው። መቁረጥ ጀመርኩ። 17 ሥር ቆጠርኩ። የዳኑት ሦስት ናቸው፤ አንዱ ደግሞ ግማሹ ብቻ።

ለምን ጥማት መሰለኝ

የዚህ ተክል ሥር ላዩ ቬላመን በሚባል ስፖንጅ መሰል ልባስ ተሸፍኗል። ልባሱ የሞቱ፣ ባዶ ሕዋሳት ስብስብ ነው። ሲደርቅ አየር ስለሚሞላው ብርማ ነጭ ይሆናል። ውሃ ሲነካው በቅጽበት ይመጥና ብርሃን አሳላፊ ይሆናል፤ ያኔ ከሥሩ ያለው አረንጓዴ ይታያል። ጫካ ውስጥ ዝናብ ሲመጣ ሥሩ ይጠጣል፤ ዝናቡ ሲያባራ ነፋስ ያደርቀዋል። መጠጣትና መተንፈስ በተራ በተራ ነው። ሥሩ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ከሆነ የመተንፈሱ ተራ አይደርስም። ኦክስጅን ያጣው ሥር ይሞታል፤ የሞተውን ደግሞ ሻጋታና ባክቴሪያ ይረከቡታል።

ሥር የሌለው ተክል ውሃ መሳብ አይችልም። ውሃ መሳብ ያልቻለ ቅጠል ይጨማደዳል። የተጠማ ተክል ቅጠልም እንዲሁ ይጨማደዳል። ቅጠሉን ብቻ ለሚያይ ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው፤ መድኃኒታቸው ግን ተቃራኒ ነው። የእኔ ኦርኪድ ውሃ ላይ ቆሞ ነበር የተጠማው።

ነገሩን ያባባሰው ቅጠሉ ዘግይቶ መናገሩ ነው። ፋላኖፕሲስ የቅጠሉን ቀዳዳዎች በብዛት የሚከፍተው ማታ ማታ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሌሊት ያስገባና ያከማቻል፣ ቀን ይጠቀምበታል። ውሃ ቆጣቢ ነው፤ ወፍራሙ ቅጠልም ጎተራው ነው። ስለዚህ ሥሩ ከሞተ በኋላም ለሳምንታት ደህና መስሎ ይቆማል። ቅጠሉ ሲዝል ቀብሩ ካለፈ ቆይቷል። እኔ የአራተኛው ወር ችግር ያልኩት ምናልባት በሁለተኛው ወር የተጀመረ ነው፤ አበባው ፈክቶ፣ እንግዳ ሁሉ እያደነቀው።

ካርዷን አልወቅሳትም። በሳምንት አንዴ የሚለው ምክር ዕቃው ውሃ ካላቆረና ተክሉ የተተከለበት ነገር የሚደርቅ ከሆነ ይሠራል። በረዶ አስቀምጡበት የሚሉም አሉ። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሞክረውት እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጽሑፍ ቅርፊት ላይ የተተከለ ፋላኖፕሲስ በበረዶ ቢጠጣም እንዳልተጎዳ አሳይተዋል። ጥበቡ በረዶው ላይ አይመስለኝም፤ ውሃው በትንሽ በትንሹ መግባቱ ላይ ነው እንጂ።

ቀረፋው

እዚህ ላይ አንድ ጥፋት አለብኝ። የተቆረጠ ቦታ ላይ የቀረፋ ዱቄት ነስንስ የሚል ምክር አንብቤ ነበር። ቁስሉን ያደርቃል፣ ሻጋታ ይከላከላል ይባላል። ነሰነስኩ። እጄም ለጋስ ሆነና በሕይወት ያሉትን ሥሮች ጭምር ቡናማ አደረግኳቸው። ቀረፋ ያደርቃል ከተባለ ደህናውንም ያደርቃል፤ ለቁስል ብቻ ብሎ አይመርጥም። በሳምንቱ የግማሹ ሥር ጫፍ ከስሎ ደረቀ። ከሦስት ሁለት ቀረ።

እማማ ሲሰሙ «ተክሉን ልታጣፍጠው ነው እንዴ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

አተካከሉ ራሱ ቀላል ነበር። ደረቅ የዛፍ ቅርፊት፣ ስብርባሪው አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚሆን። አፉ 9 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትንሽ ግልጽ ዕቃ። ትልቅ ዕቃ ውስጥ ብተክለው ሁለት ሥር የማይጠጣው ውሃ መሀል እንደገና እተክለው ነበር። ሥር ስለሌለው ተክሉ ይወዛወዛል፤ በቀጭን እንጨት ደግፌ አሰርኩት። ሴራሚኩን ማሰሮ እርሳስና እስክሪብቶ ማስቀመጫ አደረግኩት። አሁን ጥሩ ሥራ ይዟል።

መጀመሪያ በፕላስቲክ ከረጢት ሸፈንኩት። ሐሳቡ ሥር የሌለው ቅጠል ከአየሩ እርጥበት እንዳያጣ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ቅርፊቱ ላይ ነጭ የሻጋታ ፀጉር በቀለ። ከረጢቱን አነሳሁ። በምትኩ ቅርፊቱ ላይ ስስ የሞስ ንጣፍ ዘረጋሁ፤ በአንገቱ ዙሪያ ሳይሆን ወደ ዳር። ቦታውንም ቀየርኩ፦ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ወደ ምሥራቅ የሚያይ መስኮት አጠገብ፣ በስስ መጋረጃ ተከልሎ። የቀትር ፀሐይ በቀጥታ ቢያገኘው ቅጠሉን ያቃጥለዋል።

ሚዛን

ከዚህ ሁሉ የጠቀመኝ ዕቃ የወጥ ቤት ሚዛን ነው። ጣት ውሸታም መሆኑን አይቻለሁ። ላዩ ደርቆ ውስጡ ሊረጥብ ይችላል። ክብደት ግን የውስጡንም ይናገራል።

ዕቃውን ለ15 ደቂቃ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፣ አንጠፍጥፌ መዘንኩት፤ 268 ግራም። ከዚያ በየጠዋቱ ሚዛን ላይ። በዘጠነኛው ቀን 195 ላይ መውረዱን አቆመ። ስለዚህ የእኔ ዕቃ እርጥቡ 268፣ ደረቁ 195 ነው ማለት ነው። 200 ገደማ ሲደርስ አጠጣዋለሁ። ሌላ ዕቃ ሌላ ቁጥር ይኖረዋል። አየሩ ሞቅ ሲል በስድስት ቀን ደረቀ፤ ሲቀዘቅዝና ደመና ሲሆን 12 ቀን ፈጀ። በሳምንት አንዴ ብዬ ብቀጥል ኖሮ አንድ ጊዜ አስጠማዋለሁ፣ ሌላ ጊዜ አሰምጠዋለሁ።

ማዳበሪያ አልሰጠሁትም። የሚቀበል ሥር ሳይኖር ጨው መጨመር ነው።

ከዚያ ምንም። አንድ ወር ምንም። ቅጠሎቹ እንደተጨማደዱ ናቸው፤ አልባሰባቸውም፣ አልተሻላቸውም። በዚህ ጊዜ ነው እጅ የሚያሳክከው። ትንሽ ውሃ፣ ትንሽ ማዳበሪያ፣ ቦታ መቀየር፣ አውጥቶ ሥሩን ማየት። ሁለት ጊዜ ላወጣው ተነስቼ ተመለስኩ። ማስታወሻዬ ላይ ለሦስት ሳምንት ያህል የተጻፈው «ያው ነው» የሚል ብቻ ነው።

በስድስተኛው ሳምንት፣ ከታችኛው ቅጠል ከፍ ብሎ፣ ግንዱ ላይ አንዲት እብጠት አየሁ። የሰሊጥ ፍሬ ታክላለች። ከሁለት ቀን በኋላ ቆዳውን ሰንጥቃ ወጣች፤ ጫፏ ቀላ ያለ አረንጓዴ፣ በሰም የተወለወለ ይመስል ያበራል። ሥር ነበረች። በዘጠነኛው ሳምንት ሁለተኛዋ መጣች። የመጀመሪያዋ ወደ ቅርፊቱ ገብታ ስትዘልቅ በግልጹ ዕቃ በኩል አያት ነበር፤ ሲደርቅ ብርማ፣ ሳጠጣት አረንጓዴ። ያኔ ነው ተክሉ ነፍስ ዘራ ያልኩት። ማዳበሪያም የጀመርኩት ያኔ ነው፤ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን ሩቡን፣ በየሁለት ማጠጣት አንዴ። በየመሀሉ በንጹህ ውሃ ብቻ አጥበዋለሁ።

በዘጠነኛው ወር አዲስ ቅጠል ከእምብርቱ ወጣ። አጭር ነው፣ ግን ቀጥ ብሎ የቆመ። የድሮዎቹ ቅጠሎች ትንሽ ሞላ አሉ እንጂ መጨማደዳቸው አልጠፋም። አንዴ የተጨማደደ ቅጠል እንደ አዲስ አይሆንም። ከመካከላቸው አንዱ በኋላ ረገፈ፤ ተክሉ ራሱ ነው ስንቁን መጥጦ የጣለው። መጀመሪያ ቢጫ ሲጀምር ቆርጬ ላነሳው ነበር፤ እማማ «ተወው፣ እየበላው ነው» አሉኝ።

ዘንግ ወይስ ሥር?

በ13ኛው ወር ሌሊቱ ቀዝቀዝ ማለት ጀመረ። መስኮቱ አጠገብ ሌሊት ወደ 17 ዲግሪ ይወርድ ነበር። ፋላኖፕሲስን ወደ አበባ የሚመራው ይህ ነው፤ ከ28 ዲግሪ በላይ የሆነ የማያቋርጥ ሙቀት ውስጥ ቅጠል እንጂ ዘንግ አያወጣም። አብቃዮችም ለገበያ የሚያደርሱት ክፍሉን በማቀዝቀዝ ነው።

ከሦስተኛው ቅጠል ብብት አንድ ነገር ብቅ አለ። ሥር ነው ብዬ ነበር። የሥር ጫፍ ክብና ለስላሳ ነው። የዘንግ ጫፍ ግን ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ አውራ ጣቱ ለብቻው የወጣ የሱፍ ጓንት ይመስላል። በአምስት ቀኑ ጓንቱ ታየ።

እዚህ ላይ ከእማማ ጋር አልተስማማንም። እሳቸው ቁረጠው አሉ። አበባ ብዙ ጉልበት ይበላል፤ አራት ቅጠልና ስድስት ሥር ያለው ተክል ገና ከሕመም የተነሳ ነው። ትክክል ናቸው። ስሱ ሥር ብቻ ቢኖረው ኖሮ እኔም እቆርጠው ነበር። ግን ስድስቱም ሥሮች ጠንካራ ናቸው፣ አዲሱም ቅጠል ቆሟል። ተውኩት። ለራሴ አንድ ገደብ አስቀመጥኩ፦ ቅጠሎቹ ዳግም ከዛሉ በዚያው ቀን ይቆረጣል።

ሰባት እምቡጥ ያዘ። በዚሁ ሳምንት ሁለት ነገር አጠፋሁ። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ማሞቂያ አበራሁ፤ ትኩሱ አየር በቀጥታ ወደ መስኮቱ ይነፍስ ነበር። የበሰለ ሙዝና ፖም የሞላበት ሳህንም ከተክሉ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር። የሚበስል ፍራፍሬ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ለእምቡጥ «አርጅተሃል» የሚል መልእክት ነው። ሁለቱ እምቡጦች ቢጫ ሆነው ተጨማደዱና ሳይፈኩ ወደቁ። ሁለቱንም ጥፋት በአንድ ቀን ስላረምኩ ጥፋተኛውን ለይቼ መፍረድ አልችልም። ሳህኑ ወጥ ቤት ገባ፣ ማሞቂያው ዞረ፤ ሌላ እምቡጥ አልወደቀም።

አምስቱ ፈክተዋል። ከመጀመሪያዎቹ ትንሽ ያነሱ ናቸው፤ ነጭነታቸው ግን ያው ነው። ቅጠሎቹ አልዛሉም፤ መቀሱ አልተነሳም። እማማ አንድ ቀን መጥተው ዕቃውን ወደ ብርሃኑ አዞሩትና አበባውን ትተው ሥሩን አዩ። «አረንጓዴ ነው» ብለው መልሰው አስቀመጡት።

ዛሬ ጠዋት ሚዛኑ 231 ግራም ይላል። አበባና ዘንግ ስለጨመረ ደረቁ ክብደት አሁን ወደ 215 ከፍ ብሏል። ማጠጣቱ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ነው።